ጎታ የማይገባበት ቤት

በአገራችን የቤት ጉዳይ በተነሣ ቁጥር ክርክሩ የሚያጠነጥነው ማን አገኘ፣ ማን ተነሣ፣ በስንት ብር ተሸጠ በሚለው ላይ ነው። ቤቱ ውስጥ አንድ ቤተሰብ ምን ያህል እህል ሊያስቀምጥ ይችላል የሚለው ጥያቄ ግን የማጀት ወሬ ተደርጎ ስለሚቈጠር ወደ አደባባይ አይወጣም። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ይኸው የማጀት ወሬ ነው።

እናቴን ከእንፍራንዝ አንሥተን ጎንደር ከተማ ወደምንኖርበት ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም አምጥተናታል። እንፍራንዝን ለማያውቅ አንባቢ፣ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር ሲወርዱ ማክሰኝትን አልፈው አዲስ ዘመን ሳይደርሱ የምትገኝ ከተማ ናት። ከ1563 እስከ 1597 እ.ኤ.አ. የነገሡት ዐፄ ሠርፀ ድንግል ያሠሩት የጉዛራ ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ በአቅራቢያዋ ካለ ኮረብታ ላይ ሆኖ ወደ ጣና ይመለከታል። ከዚያ በፊት የነበሩት ነገሥታት አብዛኛውን ዘመናቸውን በድንኳን ሲዘዋወሩ ይኖሩ ነበርና፣ ቤተ መንግሥቱ ጓዙን በድንጋይ ቤት ለማሳረፍ ከሞከረባቸው ቀደምት ሥፍራዎች አንዱ ይህ ነው። እኛ ደግሞ ከዚያው ሥፍራ ጓዝ ጠቅልለን ወጣን። ምክንያቱን ለመገመት አያዳግትም። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ የተቀጣጠለው ጦርነት መንገዱን አንዴ ሲዘጋው አንዴ ሲከፍተው፣ ከሰባ ዓመት በላይ የሆናትንና ብቻዋን የምትኖረውን እናቴን ስትታመም ደርሶ ማሳከም የማይቻልበት ቀን በዛ።

የእናቴ ቤት ሦስት ክፍል ነበረው። ከሦስቱ ትልቁ ሳሎኑ ሳይሆን ጓዳው ነው። እዚያ ውስጥ ሁለት ጎታ፣ ሦስት ጋን፣ ቁጥራቸውን የማላውቃቸው እንስራዎች፣ ሙቀጫና ዘነዘና፣ ከነመጁ የድንጋይ ወፍጮ፣ አክንባሎ፣ ሰፌድ፣ ወንፊት፣ በየዓይነቱ ቅልና አገልግል ነበረ። ጎታን አይቶ ለማያውቅ የከተማ ልጅ ለማስረዳት ያህል፣ ከጭቃ፣ ከጭድና ከእበት ተለውሶ እዚያው ቤት ውስጥ ቀለበት በቀለበት እየተደራረበ የሚሠራ የእህል ማስቀመጫ ነው። ከላይ ይከደናል፤ ከግርጌው እህሉ የሚቀዳበት ትንሽ ቀዳዳ አለው፤ ቀዳዳው በጨርቅ ይወተፋል። ቤት ውስጥ ስለሚሠራም ከበሩ ይሰፋል። ማንም ሰው ጎታ ይዞ አይሰደድም። ወይ ይሰብረዋል፣ ወይ ትቶት ይሄዳል። እኛ ቤቱን በአደራ ለተረከበው ዘመዳችን ትተንለት መጣን።

የቀረውን መምረጥ ሦስት ቀን ፈጀ። ጋኖቹን ጎረቤቶቿ ለማኅበር ጠላ ወሰዷቸው። ወፍጮው ከነመጁ እዚያው ቀረ። መሶቡ፣ የጠፍር አልጋው፣ የአባቴ ሳጥን እና ዘነዘናው አብረዋት መጡ፤ ዘነዘናው ያለ ሙቀጫው ለምን እንደመጣ እስካሁን ማንም ሊያስረዳኝ አልቻለም። አራት ኩንታል ከነበረው ጤፍ ሁለቱን ጭነን ሁለቱን እዚያው ሸጥን። እናቴ ቤታችን ገብታ ውሃ ከጠጣች በኋላ የጠየቀችው የመጀመሪያ ጥያቄ «ልጄ፣ ጓዳው የት ነው?» የሚል ነበር። ወጥ ቤቱን አሳየኋት። ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስቆም፣ ከላይ አንድ መደርደሪያ ያለው ወጥ ቤት ነው። ዞር ዞር ብላ አየችና «እሱማ ምድጃው ነው፤ ጓዳውን ነው እኮ የምልህ» አለችኝ።

ዛሬ ሁለቱ ኩንታል ከአልጋ ሥር ናቸው። መሶቡ ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጧል። በረንዳው የጀሪካንና የከሰል ሆኗል። ልጆቹ ሳሎን ይተኛሉ፤ እናቴ በጠፍር አልጋዋ ከእኛ ጋር። ይህን የምዘረዝረው ለማማረር አይደለም፤ ቤት አልባ የሆነው ወገናችን ብዙ በሆነበት ዘመን ቁልፍ በኪሱ ያለ ሰው ማማረር አያምርበትም። ቁም ነገሩ ወዲህ ነው።

በዚህ አገር የጎታና የመንግሥት ታሪክ ተለያይቶ አያውቅም። ወታደር በየገበሬው ቤት ተመርቶ ይበላ በነበረበት ዘመን ገበሬው እህሉን በጉድጓድ ይቀብር ነበር። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀውን ክፉ ቀን የሰሙ ቤተሰቦች የቀጣዩን መኸር ሳያዩ ያለፈውን እህል ጨርሶ መብላትን እንደ ነውር ቈጠሩት። በደርግ ጊዜ ደግሞ የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ከ1968 ዓ.ም. ወዲህ ተቋቁሞ፣ ገበሬው ምርቱን በተቆረጠለት ዋጋ በኮታ እንዲያስገባ ተገደደ። መኸሩ ያልሰመረለት ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ ለመንግሥት በርካሽ ያስገባ ነበር። ግዴታው የተነሣው በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ነው። በዚያ ሁሉ ውስጥ ጎታው የእናቴ ነበር። ምን ያህል እንዳለበት የሚያውቀው እርሷ ብቻ ነበረች፤ አባቴ እንኳ ቀዳዳውን ሲነካ አይቼው አላውቅም።

ወደ ከተማው ስንመጣ ታሪኩ ሌላ ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ደነገገ፤ ኪራያቸው ከወር 100 ብር በታች የሆኑት ትርፍ ቤቶች ለቀበሌ ተላለፉ። አዋጁ ለብዙ ድኻ ጣሪያ ሰጥቷል፤ ይህን መካድ ፍርደ ገምድልነት ነው። ይሁን እንጂ ቤተሰቡ ሲበዛ ቤቱ አልበዛም። በቀበሌ ቤት ያደጋችሁ የአዲስ አበባ ልጆች ቆጥ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ከታች እህልና ዕቃ፣ ከላይ ልጆች። በ1990ዎቹ ማብቂያ ላይ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ፕሮግራም ከስቱዲዮ እስከ ባለ ሦስት መኝታ ሲነድፍ ለአንድ ነገር ምስጋና ይገባዋል፤ እርድ የሚታረድበት፣ ልብስ የሚታጠብበትና ምግብ የሚበስልበት የጋራ ሕንፃ በየሳይቱ አቆመ። አርዶ መብላትን፣ ድግስን ያሰበ ነዳፊ ነበረ ማለት ነው። ለዓመት የሚቀመጥን እህል ያሰበ ግን አልነበረም። ነዳፊው በዓይነ ሕሊናው ያየው ቤተሰብ እህሉን በየሳምንቱ የሚገዛ ነው።

በየሳምንቱ መግዛት ምን ማለት እንደሆነ ላለፉት ጥቂት ዓመታት አይተነዋል። በጥር፣ አዲስ ጤፍ ገበያ ሲወጣ፣ የዓመቱን ገዝቶ የሚያስገባና ክረምት ሲገባ በኪሎ የሚሸምት እኩል ደመወዝ ቢኖራቸው እንኳ እኩል አይበሉም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብሩ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ልዩነቱ ሰፍቷል። በዚህ ላይ መንገድ ሲዘጋ አስቡት። መንገድ በተዘጋ በሦስተኛው ቀን መጀመሪያ ባዶ የሚሆነው መደርደሪያ የእኛ፣ ደመወዝ የምንበላው የከተሜዎች ነው። እንፍራንዝ ያለው ዘመዳችን ጥይት ቢሰማም ጤፍ ነበረው።

ባለቤቴ በዚህ ክርክር አትስማማም፤ ሐሳቧን ማስፈር ይገባኛል። የአንተ ጎታ፣ ትላለች፣ የተሞላው በእናትህ ወገብ ነው። ማበጠሩ፣ መውቀጡ፣ የዓመቱን በርበሬ መቀንጠሱ፣ ነቀዝ እንዳይገባ በየጊዜው አውጥቶ ማስጣቱ፣ ይህ ሁሉ የሴት ሥራ ነው፤ እኔ ከቢሮ መጥቼ ጎታ የምጠብቅበት አቅም የለኝም። እውነቷን ነው። ቧንቧ ከፍታ ውሃ የምትቀዳው እናቴም ወደ ወንዝ መመለስ አያምራትም። እኔ ግን ድካሙን መቀነስና ማስቀመጫውን መንፈግ አንድ ነገር ናቸው ብዬ አላምንም። የተበጠረና የተለቀመ እህል የሚሸጥበት ዘመን ላይ ነን፤ የጎደለን ማኖሪያው ብቻ ነው።

አባቶቻችን አንድ ቤት የማይችለውን ዕቃ የት ያስቀምጡ እንደነበር ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እድር ለቀብር ብቻ የቆመ አይደለም፤ የአገሪቱ ትልቁ የጋራ ዕቃ ቤትም ነው። ድንኳኑን፣ አግዳሚ ወንበሩን፣ ትልልቁን ብረት ድስት፣ ሳህኑንና ብርጭቆውን ማንም ለብቻው ገዝቶ አያስቀምጥም፤ እድሩ ያስቀምጥለታል። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሳቢያ ከፒያሳና ከአካባቢው የተነሡት ነዋሪዎች በየአቅጣጫው ሲበተኑ ያጡት ቤታቸውን ብቻ አልነበረም፤ ጓዳቸውንም ነበር።

ይህን ሐሳብ ይዤ ለሕንፃችን ነዋሪዎች ኮሚቴ አመለከትኩ። የጋራ ሕንፃችን አንደኛው ክፍል ቁልፍ ከተገባበት ቆይቷል፤ እርድ የሚታረደው ለፋሲካ፣ ለገናና ለአዲስ ዓመት ነው። ከመሬት ከፍ ያለ የእንጨት ርብራብ አንጥፈን፣ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ የሁለት ኩንታል ቦታ ለክተን፣ በጥር ጤፉን በአንድ ላይ ከገበሬው እንግዛ አልኩ። ሦስት ቁልፍ በሦስት ሰው እጅ። ኮሚቴው ሰማኝ። ሰብሳቢው ግን ክፍሉን ለሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ ሊከራይ የሚፈልግ ሰው እንደመጣና ኪራዩ የጥበቃውን ደመወዝ እንደሚሸፍን አስረዳ። የጥበቃው ደመወዝ ደግሞ የሁለት ወር ውዝፍ አለበት። ሱቁ ቢከፈት ጤፍ በኪሎ ይሸጥልናል ያሉ ጎረቤትም ነበሩ፤ ሰው ሳቀ፤ እርሳቸው ግን አልሳቁም።

ውሳኔው ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል። እናቴ ስብሰባው ላይ የነበሩትን ሴቶች አንድ በአንድ በየቤታቸው እየዞረች ቡና ትጠጣ ጀምራለች። ከአሥራ ስድስቱ ቤት አሥራ አንዱን አዳርሳለች።