የአባቴ ድንጋይ

ቤታችን ቡፌው ላይ፣ ከሰርግ ፎቶው ጎን፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው አንድ ነጭ ድንጋይ አለ። አባቴ ከአሰብ ይዞት የመጣ ነው። ወደቡ ላይ ጭነት ቆጣሪ ነበር፤ በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሳ እንደ ብዙዎቹ ኢትዮጵያውያን ሁሉን ጥሎ ወጣ። ድንጋዩ ግን ኪሱ ውስጥ ነበር።

አምና ለክፍል ሥራ የሳይንስ ዘገባ ሳዘጋጅ ነው ድንጋዩ ኮራል መሆኑ የገባኝ። ለካ ኮራል እንስሳ ነው! ጥቃቅኖቹ እንስሳት ከባሕሩ ውኃ ኖራ እየሠሩ አጽማቸውን ይገነባሉ፤ አንዱ በሌላው ላይ እየተደራረበ በሺህ ዓመታት አለት ይሆናል። አብዛኛውን ምግባቸውን የሚያዘጋጁላቸው ውስጣቸው የሚኖሩ ደቂቅ አልጌዎች ናቸው። አልጌዎቹ ብርሃን ስለሚሹ እንዲህ ያለው አለት ብዙውን ጊዜ ጥልቀት በሌለው ውኃ፣ ከዳርቻው አጠገብ ይገኛል።

ይሄን ካወቅሁ በኋላ እረፍት አጣሁ። አባቴን ይዤ ባሕር ልሄድ! አሰብ አይታሰብም፤ ጅቡቲ ግን አለች። የታጁራ ባሕረ ሰላጤ፣ ሙሻና ማስካሊ ደሴቶች... ደብተሬ ላይ ዕቅድ አወጣሁ። መጓጓዣ፦ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ባቡር፣ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ። ጊዜ፦ የሴሚስተር እረፍት፤ ክረምት ላይማ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ዋና፦ አልችልም። ገንዘብ፦ እሱን ተዉት!

ዕቅዱን ሳነብለት አባቴ ዝም ብሎ ሰማኝና፣ "የኔ ባሕር እሱ አይደለም" አለ። ካርታ አመጣሁ። "አባዬ፣ በባብ ኤል መንደብ በኩል እኮ ይገናኛሉ!"

"ባሕርማ ይገናኛል፤ ሰው ነው የማይገናኘው" ብሎኝ ወደ መኝታ ቤት ገባ።

የጋዜጠኝነት ተማሪ ነኝ፤ መጠየቅ የምችል ይመስለኝ ነበር። አባቴን ግን እዚያ ማንን ትቶ እንደመጣ አንድም ቀን ጠይቄው አላውቅም።

በሳምንቱ ቡና ስንጠጣ፣ ነገሩን ሳላነሳበት፣ "ባዶ እግርህን እንዳትገባ፤ የባሕር ጃርት አለ" አለኝ። ቆየት ብሎ ደግሞ፣ "ኮራሉን እንዳትረግጥ።" ወደ ቡፌው አየ። "እኔ ያንን የሰበርኩት በእጄ ነው። ሕይወት እንዳለው ማን ነገረን?"

ብሩ ገና አልሞላም። ለፓስፖርቱ ግን ቀጠሮ ይዘናል። ጥያቄዬን ባቡሩ ላይ እጠይቀዋለሁ፤ መንገዱ ረጅም ነው።