እሳቱ የአባባ አልነበረም

የእህቴን ክራር ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። በ1962 ዓ.ም. ክረምት፣ ደሴ፣ ማጀታችን ውስጥ፣ እንጀራ ከሚጋገርበት ምድጃ ማግጄው። 14 ዓመቴ ነበር። እህቴ እስካረፈችበት ቀን ድረስ ያቃጠሉት አባታችን ይመስሏት ነበር፤ እኔም ዝም አልኩ።

ያን ጊዜ በሰፈራችን ክራር ማለት ጠጅ ቤት ማለት ነበር። በገና የዳዊት ነው ይባላል፤ በዐቢይ ጾም ሲደረደር ሽማግሌዎች ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰሙታል። ክራርን ግን ሰይጣን በገናን አይቶ ነው የሠራው ይሉ ነበር። ባለ 10 አውታሩ የጸሎት፣ ባለ 6 አውታሩ የኃጢአት ሆኖ ቀረ፤ ሁለቱም ግን እንጨትና ቆዳ ናቸው። አዝማሪን ይንቁታል፣ ሰርግ ሲደግሱ ደግሞ ይጠሩታል። ክራር የያዘችን ሴት የሚጠሩበትን ስም እዚህ መጻፍ አልፈልግም።

እህቴ 19 ዓመቷ ነበር። የክራር ተጫዋቿን የአስናቀች ወርቁን ድምፅ ከጎረቤት ሬዲዮ እየሰማች ጣቷን ታለማምዳለች። ከሁሉ የምትወደው ባቲን ነበር፤ ቅኝቱ የአገራችንን የወሎን ከተማ ስም መያዙ ያስደስታታል። ማምሻውን ስትመታ አባባ ደጃፍ ላይ ዳዊታቸውን ዘርግተው ይቀመጣሉ። «ተይ ይህን ነገር» ይሏታል። እኔ ግን አያቸው ነበር፤ እሷ እስክትጨርስ አንድ ገጽ አይገልጡም።

ትምህርት ቤት «የአዝማሪዋ ወንድም» ይሉኝ ጀመር። እህቴ ገበያ በሄደችበት ቅዳሜ ክራሩን ከግድግዳው አውርጄ እሳት ውስጥ ከተትኩት። ጅማቱ ሲኮማተር ጠጉር የተለበለበ ይመስል ሸተተ። ቀንበሩ ሙሉ በሙሉ አልነደደም፤ ስትመለስ ጫፉን አመድ ውስጥ አገኘችው። ቀና ብላ አባባን አየቻቸው። አባባ ደግሞ እኔን አዩኝ፤ እጄ ላይ ጥላሸት ነበር። ምንም አልተናገሩም። ልጃቸው ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊቷን ስታዞርባቸው እንኳ አልተናገሩም። በዓመቱ ኮምቦልቻ ተዳረች፤ ክራር ዳግመኛ አልነካችም።

በመስከረም 2004 ዓ.ም. አስናቀች አረፈች፤ ሬዲዮውም ጋዜጣውም ስለ እሷ ሆነ። የሴት ገጸ ባሕርይን ወንዶች በሚጫወቱበት ዘመን ቲያትር መድረክ ላይ ከወጡት የመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ ነበረች። ዘፈኖቿ ፈረንሳይ ውስጥ በሚታተመው «ኢትዮፒክስ» ተከታታይ የሙዚቃ አልበም 16ኛው ሆነው ወጥተዋል። በወጣትነቷ ሲያሟት የኖሩ ሁሉ ከልባቸው አለቀሱላት። በዚያው ሳምንት ዘመድ ተሰብስቦ ቡና ስንጠጣ እኔም አፌን ሞልቼ «የእኔም እህት እኮ ክራር መቺ ነበረች» አልኩ። ሰው አደነቀኝ። ለሌላ ሰው በደሌን ስናዘዝ ስለ ማቃጠሉ ብቻ እናገራለሁ፤ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ይኼኛው ነው። በእጄ አመድ ያደረግሁትን ነገር፣ ክብር ሲያገኝ ጊዜ ለራሴ ጌጥ አደረግሁት።

እህቴ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። «ምን ዋጋ አለው፣ አባባ አቃጠሉት» አለች። አባባ ከሞቱ ያን ጊዜ 20 ዓመት አልፏቸዋል። እውነቱ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ስኒዬን አንስቼ ጠጣሁ። እሷም በ2009 ዓ.ም. ተከተለቻቸው።

አሁን የልጅ ልጇ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ገብታ ክራር በዲግሪ ታጠናለች። ባለፈው ፋሲካ መጥታ ቤቴ ሳሎን ውስጥ ባቲን እየቃኘች ሳለ «ጋሼ፣ አያቴ ለምን ነበር የተወችው?» አለችኝ። የጥላሸቱን፣ የአባባን ዝምታ፣ የቡናውን ቀን፣ ሁሉንም ነገርኳት። እስክጨርስ ቀና አላለችም። ከዚያ ክራሯን ከጭኗ አንስታ፣ ከእኔ ራቅ አድርጋ፣ ግድግዳው ላይ አስደገፈችው።