በጆቫኒ ሪኮ ቤዝ፣ ከአቡዳቢ እስከ አል ዓይን

ጆቫኒ ሪኮ! ይህን ስም ጮክ ብሎ መጥራት እንዴት ደስ ይላል! ማሕሙድ አሕመድ ሲባል አዳራሹ ከመቀመጫው ይነሣል፤ ጥላሁን ገሠሠ ሲባል ዓይኑ እንባ የሚያቀርር አይጠፋም፤ አስቴር አወቀ ስትባል እልልታው ይቀልጣል። ጆቫኒ ሪኮ ሲባል ግን ብዙው ሰው «ማነው ደግሞ እሱ?» ይላል። እኔ ይህን ጥያቄ ስሰማ ልቤ ይዘልላል። የምነግረው ሰው አገኘሁ ማለት ነዋ! የአይቤክስ፣ ኋላም የሮሃ ባንድ ቤዝ ጊታር ተጫዋች ነው። ሠርግ ላይ ትከሻችሁን ባስመታችሁ፣ በሰው አገር ሌሊት ባባበላችሁ በስንቱ ዘፈን ውስጥ ከሥር የሚሄደው ያ ወፍራም ድምፅ የእሱ ጣት ነው።

አቡዳቢ የገባሁት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። ባሕር ዳር ባለው ኮርኒሽ ላይ እሳተ ገሞራ የመሰለው ፏፏቴ ገና አልፈረሰም ነበር። ማታ ቀይ መብራት እያረፈበት ውኃው ሲወርድ እሳት ይመስላል፤ የአገር ቤት ሰው ሁሉ ለቤተሰብ የሚልከውን ፎቶ የሚነሣው እዚያ ቆሞ ነው። ከአዲስ አበባ የተመለሰ ሰው ሻንጣ ሲከፈት ከበርበሬውና ከሽሮው መካከል ካሴት ይወጣል። እሱን ለማየት ነበር የምንሻማው! ተደራርበን በምንኖርበት ክፍል አንዲት ትንሽ ቴፕ ነበረችን፤ ነዋይ ደበበ፣ ኤፍሬም ታምሩ፣ ማሕሙድ እየተፈራረቁ ይውሉባታል። ግጥሙን ሁሉ በቃሌ እወጣዋለሁ። ቤዙ ግን በዚያች ቴፕ አይሰማም፤ ሊሰማም አይችልም። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ሲመታ በሴኮንድ 41 ጊዜ ገደማ ብቻ ነው የሚርገበገበው። እንዲህ ያለውን ዝግ ያለ ድምፅ ለማውጣት ብዙ አየር የሚገፋ ሰፊ ስፒከር ያስፈልጋል፤ መዳፍ የምታህል ስፒከር ዘፋኙንና ሳክስፎኑን ታሰማና ከዚያ በታች ያለውን ትተወዋለች።

ቤዙን ያገኘሁት አል ዓይን መንገድ ላይ ነው። ያኔ የሳምንቱ ዕረፍት ሐሙስና ዓርብ ነበር፤ ለእኛ ቢጤው ደግሞ ዓርብ ብቻ። የአክስቴ ልጅ አል ዓይን ትኖር ስለነበር ባለቤቷ አንዳንድ ዓርብ በጠዋት መጥቶ ይወስደናል። ጋሼ ነበር የምንለው። መኪናው አሮጌ ናት፤ ከኋላ ዕቃ መጫኛዋ ውስጥ ግን ትልቅ ባፍል ተጋድሞባት የእኛን ፌስታል እንኳ የምናስገባበት ቦታ የለም። ዕቃችንን ጭናችን ላይ አድርገን የመቅጣዕን ድልድይ ተሻገርን፣ ባኒያስን አለፍን፣ ግራና ቀኝ የተተከለው ዛፍ አሸዋውን እየጋረደልን መብረር ስንጀምር ጋሼ አንድ ካሴት ከተተ። «ኧረ መላ መላ»።

ያን ሰዓት እንዴት አድርጌ ልንገራችሁ! ከጆሮዬ በፊት መቀመጫው ነው የሰማው። ከወገቤ ተነሥቶ በጀርባዬ ሽቅብ ወጣ፤ የመስኮቱ መስታወት ይንቀጠቀጣል፣ ጭኔ ላይ ያለው ፌስታል ይንቀጠቀጣል። ስንት ዓመት የማውቀው ዘፈን ነበር፤ ይኼኛውን ግን ሰምቼው አላውቅም።

«ጋሼ፣ ምንድነው ይኼ?»

«ምኑ?»

«ይኼ ከሥር የሚሄደው!»

ሣቀ። «ቤዝ ነዋ! ጆቫኒ ነው። እስከ ዛሬ ማሕሙድን ብቻ ነበር እንዴ የምትሰሚው?»

ከአቡዳቢ አል ዓይን 160 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ያን ሁሉ መንገድ ካሴቱን እየመለሰ እያሰማኝ፣ በአንድ እጁ መሪውን ይዞ በሌላው ጭኑን እየመታ ወሰደን። ማሕሙድ ዜማውን ሲያወጣ ሲያወርድ፣ ድምፁን ሲያርገበግብ፣ ጆቫኒ ያችኑ አጭር ሐረግ ይዞ ይዞራል። አይቸኩልም። አይታክትም። «አሁን ያዢ፣ እዚህ ጋ ዝም ይላል!» ይለኛል ጋሼ፤ እውነትም ቤዙ ለአንድ ትንፋሽ ዝም ይላል፣ ሰውነቴ ወደዚያ ባዶ ቦታ ይወድቃል፣ ቀጣዩ ድምፅ ይቀልበኛል። ጀበል ሐፊት ከሩቅ ብቅ ሲል እኔ ተራራውን የማይበት ዓይን አልነበረኝም። ከግርጌው ፍል ውኃው አጠገብ ሣሩ ላይ ምንጣፍ አንጥፈን፣ የመኪናዋን በሮች ሁሉ ከፍተን እስክስታ ስንወርድ፣ በአጠገባችን የነበሩ ቤተሰቦች ልጆቻቸው ከእኛ ጋር ትከሻቸውን ሊነቀንቁ መጡ። ትከሻውን የሚያስመታው ቤዙ መሆኑን ያን ቀን በደንብ አወቅሁ።

ከዚያ ወዲያ ስለ ጆቫኒ ያላጠያየቅሁት ሰው የለም። አይቤክስን ከሊድ ጊታሪስቱ ከሰላም ሥዩም ጋር ሆነው ካቆሙት አንዱ ነው። «ኧረ መላ መላ» የተቀረጸው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው፣ ደርግ ሥልጣን በያዘ ማግሥት። ሰዓት እላፊ ታውጆ ስለነበር ማታ ክለብ የገባ ሰው እስኪነጋ አይወጣም፤ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። እስቲ አስቡት፤ ሌሊቱን ሙሉ ዘፋኙ እየተቀያየረ ያርፋል፣ ነፊውም ትንፋሹን ይሰበስባል፤ ቤዝ የያዘ ሰው ግን ካቆመ ወለሉ ላይ ያለው ሁሉ ይቆማል። ጣቱ የጠነከረው እዚያ ይመስለኛል። ቀረጻውም ቢሆን የዛሬው ዓይነት አልነበረም። አንድ በአንድ ቀድቶ መደረብ፣ የተሳሳተውን ቆርጦ መጣል የለም፤ ሁሉም አንድ ክፍል ገብቶ አብሮ ይጫወታል፣ የወጣው ወጣ ነው። ከሥር የሚሄደው ሰው አንዴ ቢወላገድ የሁሉም ድካም ከንቱ ይሆናል።

አይቤክስ ሮሃ ሲሆን ደግሞ የካሴቱ ዘመን መጣ። ሰላም ሥዩም ከ250 በላይ አልበሞች ላይ እንደተጫወተ ይነገርለታል፤ በስንቱ ላይ ጆቫኒ አጠገቡ ቆሟል! ጥላሁን፣ ማሕሙድ፣ አስቴር፣ ነዋይ፣ ኤፍሬም፣ ሁሉም በሮሃ ታጅበው ዘፍነዋል። የካሴቱ ሽፋን ላይ ግን የዘፋኙ ፎቶ ነው ያለው፤ ባንዱ ከታች በትንሹ ይጻፋል። ጆቫኒ ለእኔ ድግስ ቤት ውስጥ ከጓዳ ሳትወጣ እንደምትውለው ወጥ ሠሪ ነው፤ እንግዳው ጣቱን እየላሰ ሙሽራዋን ያመሰግናል። «ኧረ መላ መላ» እ.ኤ.አ. በ1986 ቤልጂየም ውስጥ በክራምድ ዲስክስ ታትሞ ፈረንጆቹን ያሳበደ ጊዜም የተወራው ስለ ማሕሙድ ድምፅ ነው። ይገባዋል፣ ማሕሙድ ማሕሙድ ነው! ነገር ግን ያን ድምፅ ተሸክሞ የሄደው ማን ነበር?

ሬጌ የሚወዱ ሰዎች ይህን ከእኛ ቀድመው ያወቁ ይመስለኛል። ጃማይካ ውስጥ ባፍል እንደ ግድግዳ የሚደረደረው ቤዙ ደረት እንዲመታ ነው፤ ዘፈኑን የሚመራው ቤዝ እንደሆነ ሕፃን ልጅ ሳይቀር ያውቃል። የቦብ ማርሊው ቤዚስት አስተን «ፋሚሊ ማን» ባሬት እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ሲያርፍ ዜናው ዓለምን አዳረሰ፤ እኔም ቀኑን ሙሉ የእሱን ቤዝ ስሰማ ዋልኩ። ስሰማው የማስበው ጆቫኒን ነበር። ሁለቱም የሚተዉትን ድምፅ ያውቁበታል። ፋሚሊ ማን በሬጌው አራት ምት ውስጥ ሰፊ ክፍተት ትቶ ከበሮው እንዲወድቅበት ያደርጋል። ጆቫኒ ደግሞ ቺክቺካችን ላይ ስድስቱን ምት አንዴ ለሁለት አንዴ ለሦስት እየከፈለ፣ እግር በአንዱ ትከሻ በሌላው እንዲሄድ መንገድ ይከፍታል። በስም እኩል ቢጠሩ ምን ነበረበት!

እ.ኤ.አ. በ2009 ዎማድ የተባለው የዓለም ሙዚቃ ፌስቲቫል አቡዳቢ ኮርኒሽ ላይ፣ አል ዓይንም በአል ጃሂሊ ምሽግ ተደረገ። መግቢያው ነፃ ነው፣ ሰዉ ባሕር ነው! እኔና ጓደኞቼ ጫማችንን አውልቀን አሸዋው ላይ ቆምን፤ ቤዙ በእግራችን በኩል ነበር የሚገባው። ሌላው ሰው ዘፋኝ ሲያይ እኔ በየመድረኩ ጥግ የቆመውን ባለ አራት ክር ፍለጋ አንገቴን እሰግጋለሁ። አል ጃሂሊ ደግሞ እንዲሁም እወደዋለሁ። ምሽጉ ውስጥ የሩብዓል ኻሊን በረሃ በግመል ያቋረጠው የዊልፍሬድ ቴሲገር ቋሚ ኤግዚቢሽን አለ፤ ሰውየው የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1910 አዲስ አበባ ነው። የመጣ እንግዳ ሁሉ ይዤ እሄድና «ያገራችን ልጅ ነው» እላለሁ።

ዛሬስ? ፏፏቴው የለም፤ ዕረፍቱም መጀመሪያ ዓርብና ቅዳሜ፣ እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ ደግሞ ቅዳሜና እሑድ ሆኗል። ካሴት የሚያጫውት መኪና ብትፈልጉ አታገኙም። ግን ምን መጣ መሰላችሁ! አይቤክስ እ.ኤ.አ. በ1976 ራስ ሆቴል ውስጥ ያለ ዘፋኝ የቀረጸው ሙዚቃ እ.ኤ.አ. በ2024 ሙዚቃዊ በተባለው አሳታሚ እንደገና ወጣ። ዘፋኝ የለም! ጆቫኒን የሚሸፍን ማንም የለም! ከሥራ ስመለስ አውቶቡስ ላይ በጆሮ ማዳመጫ ስከፍተው፣ ሰው ምን ይለኛል ሳልል በአንገቴ ምቱን እጠብቃለሁ።

የአክስቴ ልጅ የመጨረሻ ሴት ልጅ አል ዓይን ተወልዳ አድጋ ዛሬ ቤዝ ጊታር ትማራለች። ባለፈው ሄጄ ይህን ቅጂ አሰማኋት። አልጋ ላይ ቁጭ ብላ ቤዟን ጭኗ ላይ አስቀመጠችና ፍለጋ ጀመረች፤ ድምፁን ወዲያው አገኘችው፣ ጊዜው ግን እንቢ አላት። «ቀድመሻል፣ ትንሽ ቆዪለት» እላታለሁ። «አክስቴ፣ ቆየሁ እኮ!» ትላለች። አባቷ ከሳሎን ሆኖ «አልቆየሽም!» ይላል። ራቱ ቀርቦ ቀዘቀዘ፣ የሚነሣ ጠፋ። ድንገት ያዘችው፤ ዝም የሚልበት ቦታ ላይ ዝም አለች፣ በሰዓቱ ተመለሰች፣ ሦስታችንም ጮኽን!

«ሌላ የሱ አለ?» አለችኝ ጣቷን እያሻሸች።

ሌላ የሱ አለ? ልጄ፣ ሮሃን ገና አልጀመርሽም! ጆቫኒን ስትጨርሺ ደግሞ ዋልያስ ባንድ አለ፤ «ሙዚቃዊ ስልት» ላይ መላከ ገብሬ ቤዙን እንዴት እንደያዘው ሳትሰሚ አትተኚም ብያት ስልኬን ቻርጀር ላይ ሰካሁት።