ሱብሒ ከጠዋቱ 3፡21

ለመስጂዳችን የሶላት ሰዓት ማሳያ ልሠራ የተነሣሁት ረመዷን ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነበር። ፕሮግራሙን በሲ ጻፍኩ፤ ላፕቶፔ ላይ ስሞክረው ሱብሒ 11፡05 አለኝ፣ ልክ ነው። ከዚያ እዚያው ላፕቶፔ ላይ ለአርም ፕሮሰሰር ኮምፓይል አድርጌ ትንሿ ቦርድ ላይ ጫንኩትና ሰቀልነው። ሙአዚናችን ቀና ብለው አዩና «ልጄ፣ ሱብሒ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ሆነ እንዴ?» አሉኝ። 3፡21 ይላል።

ሁለት ሌሊት ፈጀብኝ። ከስሌቱ 3 ደቂቃ የሚቀንሰውን ማስተካከያ ያስቀመጥኩት ‹ቻር› ውስጥ ነበር። ተራ ‹ቻር› በላፕቶፔ ኢንቴል ላይ ኔጌቲቭ ቁጥር ይይዛል፤ በአርም ሊኑክስ ላይ ግን ከ0 እስከ 255 ብቻ ነው። -3 የነበረው 253 ሆነ፤ አራት ሰዓት ከ13 ደቂቃ ተደመረ።

የገረመኝ ኮዱን ያስፈተሽኩበት መሣሪያ ምንም አለማለቱ ነው። ለካ ፈታሹ ኮምፓይለር ራሱ የሚያውጃቸውን ማክሮዎች የወሰደው ከላፕቶፔ ነው፤ ኮዱ ወዴት እንደሚሄድ የነገረው የለም። ሁለቱን ኮምፓይለሮች ማክሮዎቻቸውን አስዘርዝሬ ጎን ለጎን ሳያቸው፣ የአርሙ ጂሲሲ ‹ቻር አንሳይንድ› የሚል አለው፤ የላፕቶፔ የለውም። መፍትሔው አንድ ቃል ነበር፦ ‹ሳይንድ›። ለፈታሹም የአርሙን ዝርዝር ሰጠሁት።

እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ስህተቱ አሥር ደቂቃ ብቻ ቢሆን ኖሮ ማንም ልብ አይልም፤ ሱሑር እየበላን ሱብሒ ይገባብን ነበር። ሙአዚናችን ዛሬም አዛን ከማድረጋቸው በፊት የእጅ ሰዓታቸውን ያያሉ። አልተቀየምኳቸውም።