አልለቅ ያለው ፍሬን

በቋንቋችን ግዑዝ የሚባል ነገር ያለ አይመስለኝም። በሩ «አልከፈት አለ» እንላለን፤ ማገዶው «አልነድ አለ»፤ ሚስማሩ «አልነቀል አለ»። ዕቃው አንደበት ኖሮት እንቢታውን ያሰማን ይመስል፣ «አለ» የምትለው ትንሽ ግስ ከማይናገር ነገር ጋር ሙግት ታገጥመናለች። አሮጌ መኪና ሥር በጀርባው ተንጋሎ የሚያውቅ ሰው ይህ አነጋገር ግነት እንዳልሆነ ይመሰክርልኛል።

የአባቴ ኮሮላ ዲኤክስ ሁለት ክረምት ሙሉ ግቢያችን ውስጥ ቆማ ከርማለች። የአባባ ዓይን በግላኮማ ከደከመ ወዲህ መሪ አልጨበጡም፤ ትሸጥ ሲባሉም አይሰሙም። (በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ጀምሮ የአሮጌ መኪና ባለቤት ሁሉ ቅርስ ጠባቂ ሆኗል፤ የአባባ ምክንያት ግን ይህ አልነበረም።) ዘንድሮ እናቴ ጉልበቷን ታማ በየሳምንቱ ሐኪም ቤት መመላለስ ስትጀምር፣ አንድ ቀን ጠዋት አንድም ቃል ሳይናገሩ ቁልፉን ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩልኝ።

ሰፈሩን አንድ ጊዜ ዞሬ ተመለስኩ። መኪናዋ ወደ ግራ ትስባለች፤ የግራው የፊት ቸርኬ እንደ ምጣድ ግሏል፤ የተቃጠለ ሸራ ሽታ ግቢውን ሞላው። ቤታችን ሽሮ ሜዳ ነው። ከእንጦጦ ግርጌ ባለው በዚያ ቁልቁለት ላይ እንዲህ ባለ ፍሬን እናቱን ይዞ የሚወርድ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ፍሬን ሲነሣ ሁላችንም የምናስበው መያዙን ነው። ይበልጥ የሚያስደንቀው ግን መልቀቁ ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱ ፒስተኑን ይገፋል፤ ፒስተኑም ሸራውን ከዲስኩ ጋር ያጣብቃል። እግር ሲነሣ ግን ፒስተኑን የሚመልስ ስፕሪንግ የለም። ያን የምታደርገው በወገቡ ዙሪያ የተቀመጠች አንዲት ጎሚኒ ናት። ፒስተኑ ሲወጣ አብራው ትለጠጣለች፤ ግፊቱ ሲቀር ወደ ቀድሞ ቅርጿ ስትመለስ እሱንም ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰች ሽራፊ ያህል ይዛው ትመለሳለች። ጎማው በነፃነት የሚዞረው በዚያች ሽራፊ ነው! በአንጻሩ የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት የመምጠጥ ጠባይ አለው፤ በየሁለት ዓመቱ ገደማ ይቀየር የሚባለውም ለዚህ ነው። መኪና ሲቆም ያ እርጥበት ብረቱን ከውስጥ ያዝገዋል፤ የአቧራ መከላከያው ላስቲክ ከተቀደደ ደግሞ ከውጭም ውኃ ይገባል። ለጎሚኒዋ ከአቅሟ በላይ ይሆንባታል።

መኪናዋን በክሪክ አንሥቼ፣ በብረት እግር ካስደገፍኩ በኋላ የአየር ማስወጫዋን ብሎን ፈታሁ። ችግሩ የጎማ ቱቦው መደፈን ቢሆን ኖሮ የታፈነው ዘይት ሲወጣ ጎማው ይለቅ ነበር። ዘይቱ ጠብ ጠብ አለ፤ ጎማው አልዞር አለ። ጥፋተኛው ፒስተኑ ነው ማለት ነው። ካሊፐሩን በመከራ ከዲስኩ ላይ አላቀቅኩት፤ ቱቦው ክብደቱን እንዳይሸከም በሽቦ አንጠለጠልኩትና በፒንሳ፣ በካቻቢቴ፣ በመዶሻ እጀታ ታገልኩ። (የመሣሪያዎቻችን ስም ጣሊያንኛ፣ እርግማናችን ብቻ አማርኛ መሆኑን ልብ ያልኩት ያን ጊዜ ነው።)

አባባ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ድምፁን ብቻ ያዳምጡ ነበር። በኮምፕሬሰር ንፋስ ላስወጣው ብዬ ቱቦውን ልፈታ ስል ሰሙኝ።

«ተው፣ ልጄ። በንፋስ ሲወጣ እንደ ጥይት ነው፤ ጣት ይቆርጣል። ቱቦውን አትንካው። ፔዳሉ ምን ሊሠራ ተቀመጠ?»

እጃቸውን ይዤ ወንበሩ ላይ አስቀመጥኳቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ መሪውን በሁለት እጃቸው ጨበጡት፤ የመስተዋቱንም አቅጣጫ አስተካከሉ። ለማየት እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

ፈረንሳዊው ፓስካል በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንዳስረዳው፣ በዝግ ዕቃ ውስጥ ያለ ፈሳሽ አንድ ቦታ ሲጫኑት ግፊቱን ሳይቀንስ ወደየማዕዘኑ ያደርሳል። ስለዚህ ጠባቡን የተጫነ እግር በሰፊው ጫፍ ብዙ እጥፍ ኃይል ሆኖ ይወጣል። የቤት ኮምፕሬሰር ስምንት ባር ገደማ ቢሰጥ፣ የፍሬን ዘይት ከ70 ባር ሊያልፍ ይችላል። እኔ በሙሉ ጉልበቴ ያላነቃነቅሁትን የ78 ዓመት ሽማግሌ እግር የሚያነቃንቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ከፒስተኑ ፊት እንጨት ደገፍኩና ትእዛዝ መስጠት ጀመርኩ። በዕድሜዬ ሙሉ አባቴን አዝዤ አላውቅም።

«ይርገጡ፣ አባባ!»

«ረገጥኩ።»

ምንም የለም። «እንደገና!» ፔዳሉ አቃሰተ። በአራተኛው ላይ ካሊፐሩ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ አለ፤ የዛገው ጠርዝ እንደ ፀጉር በቀጠነ መጠን ከላስቲኩ ብቅ ሲል አየሁ። እርሳቸው ግን ከእኔ ቀድመው በእግራቸው አውቀውታል።

«ሄደ!» አሉ።

የቀረው የትዕግሥት ሥራ ነበር። ዝገቱ የበላው የፒስተኑን የውጭ ጠርዝ ብቻ ነው፤ ጎሚኒዋ የምትነካው ገጽ አልተቦረቦረም። ቢቦረቦር ኖሮ አዲስ ፒስተን መግዛት ግድ ይሆን ነበር። ቤንዚን ላስቲኩን ስለሚያበላሽ ሁሉንም በፍሬን ዘይት አጠብኩ፤ ከሶማሌ ተራ የገዛሁትን አዲስ ጎሚኒም አስገባሁ። ከገጠምኩ በኋላ አየሩን ለማስወጣት አሁንም የአባባ እግር አስፈለገኝ፤ «ይርገጡ… ይያዙ… ይልቀቁ» እየተባባልን ፀሐይ ጠለቀች።

ጎማውን በአንድ ጣት ገፋሁት። ያለ ድምፅ ዞረ።

አባባ ከወንበሩ አልተነሡም። እግራቸውን ፔዳሉ ላይ እንዳኖሩ «የቀኙስ?» አሉኝ።