«ደብቆ በልቷል»

ባለ 32 ሉክ አንዲት ደብተር አለችኝ። ውስጧ የሌክቸር ማስታወሻም ግጥምም የለባት፤ የተጻፈባት የአባባ ስኳር ነው። በየጠዋቱ ጣቱን ወጋ አደርግና መለኪያዋ የምትነግረኝን ቁጥር እመዘግባለሁ። ሦስት ዓምድ አስምሬባታለሁ፤ ቀን፣ ቁጥር፣ ምን በላ። ጉዱ ያለው ሦስተኛው ዓምድ ላይ ነው።

ባለፈው ግንቦት፣ ያ የድሬ ፀሐይ ቆርቆሮውን እንደ ምጣድ በሚያግለው ሰሞን፣ የአባባ ቁጥር ሽቅብ ወጣ። በባዶ ሆዱ ከ140 ብዙም የማያልፈው ሰው ማክሰኞ 196፣ ሐሙስ 241፣ እሑድ 288 ሆነ። እኔም፣ መቼም የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነኝና ከእያንዳንዱ ነገር ጀርባ አንድ ጥፋተኛ መፈለግ ይቀናኛል፣ ከእሑዱ ቁጥር ጎን በቀይ እስክሪብቶ «ደብቆ በልቷል» ብዬ ጻፍኩ።

ውድ አንባቢዬ፣ ዛሬ የማወጋህ ስለዚያች የሁለት ቃል ፍርድ ነው።

አባባ የምድር ባቡር ጡረተኛ ነው። ማታ ማታ፣ ፀሐዩ በረድ ሲል፣ ሽርጡን አሸርጦ ሸበጡን ተጫምቶ ከዚራ ይወርዳል፤ እዚያ ከዛፉ ጥላ ሥር የድሮ የሥራ ባልደረቦቹ ይጠብቁታል። የዚያ ሰፈር ሻሂ ደግሞ ታውቀዋለህ፤ ማንኪያው ቀጥ ብሎ ካልቆመ ሻሂ አይባልም። እና ተከተልኩት። ልክ እንደ ነጭ ለባሽ ከግንብ ጥግ ቆሜ አባቴን ሰለልኩት! ያየሁት አንድ ብርጭቆ ውሃ ብቻ ነበር። እኔ ግን «አይቶኛል ማለት ነው» ብዬ ተመለስኩ። ፍርድ አስቀድሞ ለጨረሰ ሰው ማስረጃ ምን ያደርግለታል?

«አባባ፣ ሐልዋ በልተሃል አይደል?» አልኩት ማታውኑ። (ድሬ ላይ አባትን አንተ ማለት ንቀት አይደለም፣ ቅርበት ነው። የኔ ንቀት ከድምፄ ላይ ነበር።)

«አልበላሁም።»

«ታዲያ 288 ከየት መጣ? ከሰማይ ወረደ?»

ቀና ብሎ አየኝና ዝም አለ። ያን ዝምታ እንደ እምነት ቃል ቆጠርኩት።

በዚያው ሰሞን ቤታችን ውስጥ የተደበቀ ነገር እንዳለ አልክድም። የደበቅነው ግን እኛ ነበርን። ጅቡቲ የሚኖረው ታናሽ ወንድሙ ሞቶ ነበር። እናቴ ስልኩን እንደ ዘጋች፣ «አሁን አይነገረውም፤ ስኳሩ ይነሳበታል። ትንሽ ይቆይ» አለች። ሁላችንም ተስማማን። እሷ ማጀት ገብታ ታለቅሳለች፤ እኔና እኅቴ አባባ ፊት እንስቃለን። መርዶ በቤታችን ዘጠኝ ቀን አደረ።

እሑድ ማታ እኅቴ ወለሉን ስትወለውል ደም አየች። የአባባ የእግር ዱካ ነው። ሸበጡን ብታነሣው ምስማር ከሥር በስቶት ገብቷል፤ ከውስጥ እግሩ ላይ ያለው ቁስል አብጦ ቀልቷል፣ መግል ይዟል። መቼ እንደ ወጋው እሱ ራሱ አያውቅም። ስኳር ለብዙ ዓመት ሲቆይ የእግርን ነርቭ ያደነዝዛልና ምስማሩ ሲገባ አልተሰማውም።

ሰኞ በጠዋት ሕክምና ወሰድነው። ሲስተሯ ቁስሉን አየች፣ ደብተሬን ተቀበለችኝ፣ ገለጠች፤ ቀይዋ ጽሑፍ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ይህን ማን ጻፈው?»

«እኔ ነኝ፣ ሲስተር።»

«የበላውን ጠይቀሃል። መቁሰሉንስ ጠይቀሃል? ሐዘን ገጥሞት እንደሆነስ?»

እኔ መልስ ሳጣ አባባ ከወንበሩ ላይ ቀስ ብሎ፣ «ወንድሜ ሞቷል» አለ።

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ለካ ከዚራ ያሉት ጓደኞቹ ያወቀ መስሏቸው የዚያን ሰኞ «እግዜር ያጥናህ» ብለውታል! እኛ ለሱ ብለን የደበቅነውን እሱ ደግሞ ለኛ ብሎ ደብቆታል። «እነሱ እኔን ላለማሳዘን ሲለፉ አይቼ እንዴት ላጋልጣቸው» ነው ያለው ኋላ። ቀን ከዚራ ተቀምጦ ውሃ ይጠጣል፤ ሌሊት ለብቻው ያለቅሳል። በዚህ ላይ ነው እንግዲህ እኔ ሐልዋ ያልኩት።

ሲስተሯ ያስረዳችን ነገር ቀላል ነው። ስኳር ወደ ደም የሚገባው በአፍ በኩል ብቻ አይደለም። ጉበት ጎተራ ነው፤ በደኅና ጊዜ ስኳር ያከማቻል። ሰው ሲቆስል፣ ሲደነግጥ ወይም ሲያዝን ሰውነት ጦርነት የመጣበት ይመስለዋል፤ አድሬናሊን፣ ኮርቲሶልና ግሉካጎን የሚባሉት ሆርሞኖች ይነሡና ጎተራውን ያስከፍታሉ። ለመሮጥም ለመዋጋትም ስንቅ ያስፈልጋላ! ከነዚህም አንዳንዶቹ ኢንሱሊን ሥራውን በደንብ እንዳይሠራ ያውካሉ። ጤነኛ ሰው ሲሆን ቆሽቱ ኢንሱሊን ጨምሮ ነገሩን ያስተካክለዋል። የስኳር ሕመምተኛ ግን ይህን ማድረግ ስለሚያቅተው ያልበላው ስኳር ደሙ ውስጥ ይቀራል።

ቁስሉ ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ያመረቀዘ ቁስል ስኳሩን ወደ ላይ ይገፋል፤ ከፍ ያለ ስኳር በተራው ነጭ የደም ሕዋሳትን ያዳክምና ቁስሉ እንዳይድን ያደርጋል። አንዱ ሌላውን ይቀልባል። ብዙ ሰው በዚህ ዓይነት ከአንዲት ምስማር ተነሥቶ እግሩን እስከ መቆረጥ የሚደርሰው ለዚህ ነው።

ነገሩ አላስተኛኝም። ቤተ መጻሕፍት ገብቼ አገላበጥኩ። ፈረንሳዊው ክሎድ ቤርናር በ1849 እ.ኤ.አ. የጥንቸልን አንጎል ከሥሩ በኩል በመርፌ ቢወጋ ሽንቷ ውስጥ ስኳር ተገኘ። ጥንቸሏ ስኳር አልበላችም፤ የተጎዳው አንጎሏ ነው። በ1911 እ.ኤ.አ. ደግሞ አሜሪካዊው ዋልተር ካነን የታሰሩና የተሸበሩ ድመቶች ሽንት ውስጥ ስኳር አገኘ። ከዚያም ወደ ሰው መጣ። ከአንድ ትልቅ የአሜሪካ እግር ኳስ ግጥሚያ በኋላ ከ25 ተጫዋቾች መካከል በ12ቱ ሽንት ስኳር ተገኘ፤ ከነዚህ ውስጥ 5ቱ ሜዳ እንኳ ያልገቡ ተጠባባቂዎች ነበሩ። ወንበር ላይ ተቀምጠው ልባቸው ብቻ ነው የተጫወተው! እኛን የሚመለከተው ግን ይኸኛው ነው፤ ከ9 የሕክምና ተማሪዎች መካከል ከከባድ ፈተና በኋላ የ4ቱ፣ ከቀላሉ ፈተና በኋላ የ1ዱ ብቻ ሽንት ስኳር አሳየ። ጤነኞች ናቸው እኮ! ፈተና ጤነኛውን እንዲህ ካደረገ፣ ወንድሙ የሞተበትን የስኳር ሕመምተኛ ምን ያድርገው?

የሰፈራችን ሰዎች ይህን ሁሉ ሳያነቡ ያውቁት ኖሯል። ሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲገድል እኔ ገና ሕፃን ነበርኩ። ዛሬም ድረስ «የኔ ስኳር የደቻቱ ነው» የሚሉ እናት አሉ ጎረቤታችን። ድሮ እስቅ ነበር፤ አሁን አልስቅም። በ1995 እ.ኤ.አ. የጃፓኗን ኮቤ ከተማ የምድር መናወጥ ባፈረሳት ጊዜ ሐኪሞች የስኳር ሕመምተኞቻቸውን ቢመረምሩ የስኳራቸው መጠን ከፍ ብሎ አገኙት። እርግጥ ድንጋጤው ብቻ አይደለም፤ ምግቡም መድኃኒቱም ተዛብቷል። ሆኖም ድንጋጤ ብቻውን ከምንም ተነሥቶ በሽታውን ይፈጥራል ማለትም አይደለም። ብዙውን ጊዜ ስኳር ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ሰውነት ውስጥ ተቀምጦ ይቆያል፤ መከራ ሲመጣ ይገለጣል። ጎረቤታችን ግማሹን እውነት ይዘዋል፤ እኔ ግን ቀይ እስክሪብቶ ይዤ ሩቡንም አልያዝኩም ነበር።

ሌላም ስሕተት ሠርተናል፤ ለሚያነብ ይጠቅማል ብዬ አልደብቀውም። በዚያ ሳምንት አባባ ምግብ ሲዘጋው እናቴ «ባዶ ሆዱን መድኃኒት አይወስድም» ብላ ሁለት ቀን አስዘለለችው። በሕመምና በሐዘን ጊዜ ግን፣ ባይበላም እንኳ፣ ጉበቱ ስኳር መልቀቁን አይተውም። በተለይ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው «ስላልበላሁ» ብሎ ጨርሶ ካቆመ ደሙ በአሲድ እስከ መመረዝ ሊደርስ ይችላል። በሌላ በኩል፣ አልበላ ብሎ መድኃኒቱን እንደ ወትሮው የወሰደ ሰው ስኳሩ ከመጠን በታች ሊወርድበት ይችላል። ስለዚህ በግምት ማቆምም መቀጠልም አይደለም፤ ደጋግሞ መለካትና ለሐኪም መናገር ነው ያለበት።

አባባ ቁስሉ እስኪድን ኢንሱሊን ታዘዘለት። «መርፌ ከጀመረ አበቃለት» ያሉን ዘመዶች ነበሩ፤ አላበቃለትም። በድሬ ሙቀት ኢንሱሊን እንዳይበላሽብን ፍሪጅ ካላቸው ጎረቤቶች ዘንድ አስቀመጥነው። እኅቴ በየማታው እግሩን በመስተዋት ታያለች። ሸበጡ ተጥሎ ዝግ ጫማ ተገዛለት።

ከሕክምና የተመለስን ዕለት አባባ ደጃፍ ላይ ቆሞ፣ «ልጆች፣ እኔም አውቃለሁ፣ እናንተም ታውቃላችሁ። በሉ እንግዲህ ኑ እናልቅስ» አለ። ጎረቤቱ ተሰበሰበ፤ ድንኳን ተጣለ፤ የከዚራ ጓደኞቹ መጥተው አጠገቡ ተቀመጡ። ለቅሶ ስኳር ያወርዳል አልልም። በማግሥቱ ጠዋት ብለካው 262 ነበር፤ የወረደው በመርፌውና በቁስሉ መዳን ነው፣ በሳምንታት። ነገር ግን ከዚያ ሌሊት ጀምሮ አባባ ተኛ።

መርዶ መደበቅ ፍቅር መሆኑን አውቃለሁ። የታመመን ሰው በድንገት ማስደንገጥ ደግ ነው አልልም፤ አባቶቻችን መርዶን ማለዳ፣ ሰው ሰብስበው የሚያረዱት በከንቱ አይደለም። እኔ የምለው ሐዘን ቢደበቅም ሥራውን አይተውም ነው። አባባ ሐዘኑን የተሸከመው ለብቻው ነበር፤ በዚያ ላይ የኛን ሳቅ ተሸከመ፣ የኔን ስድብ ተሸከመ። ያን ሁሉ መሣሪያዋ 288 ብላ ነገረችኝ፤ እኔ ሐልዋ ብዬ አነበብኩት።

ጓደኞቼ፣ ከመካከላችን ስኳር ያለበት አባት ወይም እናት ያላቸው፣ ወይም ራሳቸው ያለባቸው፣ ብዙዎች ናችሁ። ቁጥሩ ሲወጣ አፍ አፍ አትመልከቱ። እግሩን እዩ። ፊቱን እዩ። እንቅልፉን ጠይቁ።

ደብተሯ አሁንም አለች። አራተኛ ዓምድ አስምሬባታለሁ፤ «ምን ሆነ» የሚል። የመጀመሪያው መስመር፣ ያ የ262ቱ ቀን፣ «ወንድሙን አለቀሰ» ይላል። ቀይዋን ጽሑፍ ልሰርዛት ብዬ ነበር፤ አባባ ግን «ተዋት፣ ትቀመጥ» አለኝ።