ናሱ በኪሎ፤ ታሪኩስ?

ባሕር የሌለው ሰው ባሕርን በምን ያውቃታል ቢሉ፣ የኮልፌ ሰው መልስ አያጣም። አጠና ተራ ወስዶ የተደረደረውን እንጨት ያሳያል፤ «ባሕር ዛፍ ነዋ!» ይላል። ዛፉ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ ስለ መጣ ስሙን ከመጣበት መንገድ ወሰደ። በቆሎንም አባቶቻችን «የባሕር ማሽላ» ይሉት ነበር። እንግዲህ ቋንቋችን ደግ ልማድ አለው፤ እንግዳ ነገር ሲገባ ከየት እንደ መጣ ስሙ ላይ ይጽፍበታል። እኛ ዛሬ የምናወራው ግን ስለ ዛፍ አይደለም። በዚሁ ሰፈራችን ስላሉና የመጡበት መንገድ ስላልተጻፈባቸው የባሕር ዕቃዎች ነው።

እኛ አምስት ጓደኛሞች እነዚህን ዕቃዎች መሰብሰብ ከጀመርን ሦስተኛ ዓመታችንን ይዘናል። ይህን ስንናገር የሚስቁብን አሉ። «ኮልፌ ላይ መልሕቅ ልትጎትቱ ነው?» ይሉናል። ይሳቁ፤ ምን ይደረግ! ነገር ግን ከሚስቁት መሐል በልጅነቱ «ቁራሌው!» የሚለውን ጥሪ ሰምቶ አሮጌ ድስት ይዞ ያልሮጠ ማን አለ? ከጠሮ እስከ ቤቴል፣ ከአየር ጤና እስከ 18 ማዞሪያ በየደጁ የተለቀመው ቁርጥራጭ መርካቶ ምናለሽ ተራ ይወርዳል። እዚያም ብረቱ ለብቻው፣ አሉሚኒየሙ ለብቻው፣ ናሱም ለብቻው ሚዛን ላይ ይወጣል። ናስ ከብረት ይወደዳል። መርከብ ላይ ደግሞ ናስ ብዙ ነው፤ ጨው ውኃ ብረትን ቶሎ ሲበላው ናስን እምብዛም አይደፍረውምና። ስለዚህ የባሕር ዕቃ ከሌላው አሮጌ ዕቃ ቀድሞ የሚቀልጠው ስለማይረባ አይደለም፤ ጥሩ ስለ ሆነ ነው። እኛን ያንገበገበን ይኸው ነው።

«ለመሆኑ የባሕር ዕቃ ኮልፌ ምን አመጣው?» ለሚለን፣ መንገዱ ረጅም ነው። ኤርትራ በ1945 ዓ.ም. በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር ከተቀላቀለች በኋላ፣ በ1940ዎቹ ማብቂያ ባሕር ኃይል ተቋቋመ፤ ዋና ሰፈሩም ምፅዋ ሆነ። በ1954 ዓ.ም. «ኢትዮጵያ» የተባለች መርከብ ከአሜሪካ ተገኘች፤ የባሕር ኃይሉ ትልቋ መርከብና የመርከበኞቹ መማሪያ እሷ ነበረች። በ1956 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ ተቋቋመ፤ ሥራ ሲጀምር «ንግሥተ ሳባ»፣ «የይሁዳ አንበሳ» እና «ላሊበላ» የሚባሉ መርከቦች ነበሩት። ኋላ ዘመኑ ሲለወጥ የመርከቦቹም ስም ከዘመኑ ጋር ሄደና «ነበልባል»፣ «አንድነት» የሚባሉ መጡ። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ምፅዋ በሻዕቢያ እጅ ገባች። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ የቀሩት የጦር መርከቦች ወደ የመን ተሻገሩ። «ኢትዮጵያ»ም እዚያው ቆማ ቆይታ እ.ኤ.አ. በ1993 ለቁርጥራጭ ተሸጠች። አያችሁ? መርከቢቱም እንደ ቁልፏና እንደ ማንኪያዋ በኪሎ ሄደች።

ሰው ግን በኪሎ አይሄድም። ከምፅዋ፣ ከአስመራ፣ ከአሰብ ብዙ ሰው አንድ ሳጥን ይዞ ወደ አዲስ አበባ ገባ። ያ ሳጥን ነው እንግዲህ ዛሬ በየጓዳው፣ ከአልጋ ሥር የሚገኘው። ባለቤቱ ሲያርፍና ልጆቹ ቤት ሲያጸዱ ሳጥኑ ወደ ቁራሌው ጆንያ ይዞራል።

ታሪክ መፈለጉ እንዴት ነው ለምትሉን፣ ጥቂት ዕቃ እንቁጠር።

አንደኛው የኮት ቁልፍ ነው። መልሕቅ አለበት፤ ከመልሕቁ በላይ ዘውድ። ዘውዱ ዘመኑን ይናገራል፤ ንጉሠ ነገሥቱ በመስከረም 1967 ዓ.ም. ወርደው፣ ዘውዱም በዚያው ዓመት በመጋቢት ተሽሯልና ቁልፉ የተሠራው ከዚያ በፊት ነው። መቼ ከኮቱ ላይ እንደ ተቆረጠ ግን ቁልፉ አይነግረንም። ዕቃ የተሠራበት ዘመን ሌላ፣ ያገለገለበት ዘመን ሌላ ነው፤ የዚህ ሥራ ሀሁ ይህን መለየት ነው።

ሁለተኛው ሹካ ነው። ጀርባው ላይ «ዩ.ኤስ.ኤን.» የሚሉ የላቲን ፊደላት ተመተውበታል፤ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ማለት ነው። አንዱ ጓደኛችን ገና ሲያየው «የ‹ኢትዮጵያ› ነው!» ብሎ ዘለለ። አባባሉ መሠረት አለው። መርከቢቱ አሜሪካ አገር በ1935 ዓ.ም. ውኃ ላይ ስትወርድ ስሟ «ኦርካ» ነበር፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም በፓሲፊክ ውቅያኖስ ባሕር ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን ትረዳ ነበር። ይሁን እንጂ እስከ 1969 ዓ.ም. ድረስ አስመራ ላይ ቃኘው የሚባል የአሜሪካኖች ጣቢያ ነበረ፤ በውስጡም የባሕር ኃይል ሰዎች ነበሩበት። ሹካው ከዚያ ወጥ ቤት ወጥቶ ቢሆንስ? ስለዚህ ደብተራችን ላይ ሁለቱንም በር ክፍት ትተን ጻፍን። ደስ የሚለውን አንዱን መርጦ መዝጋት ቀላል ነበር። ግን እንደዚያ የሚሰበሰብ ነገር ታሪክ ሳይሆን ምኞት ነው።

ሦስተኛው ኮምፓስ ነው። አንድ የሰፈር ልጅ ዘመዱ ከዱባይ ያመጣለትን፣ በሚያምር የእንጨት ሣጥን ያለውን ይዞልን መጣ። ክዳኑ ላይ «ኬልቪን ኤንድ ሂዩዝ፣ ለንደን፣ 1917» ይላል። ያምራል፤ ያብለጨልጫል። ግን የኬልቪንና የሂዩዝ ቤቶች ተጣምረው አንድ ኩባንያ የሆኑት እ.ኤ.አ. በ1947 ነው። ታዲያ ከመጋባታቸው 30 ዓመት በፊት በጋራ ስማቸው ምን ብለው ይሠራሉ? ዓለም ላይ እንዲህ ያለ የማስመሰያ ዕቃ ሞልቷል፤ ብዙው የሚሠራው ሕንድ አገር ነው። የሚገርመው ደግሞ በዚያው አገር አላንግ የሚባል የባሕር ዳርቻ አለ፤ ያረጁ እውነተኛ መርከቦች የሚፈርሱበት። እውነተኛውም ሐሰተኛውም ከአንድ አገር ወጥተው ገበያ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። የሚለያቸው መልክ አይደለም፤ «ከማን እጅ፣ በየት በኩል መጣ?» የሚለው ጥያቄ ነው። ልጁን «ጥሩ ኮምፓስ ነው፤ ሰሜንን በደንብ ያሳያል» ብለን መለስንለት። እውነትም ያሳያል።

አራተኛው ፎቶግራፍ ነው፤ የእኛ ግን አይደለም። ባለቤቱ በባሕር ኃይል ያገለገሉ የሰፈራችን ሽማግሌ ናቸው፤ ጋሼ እንበላቸው። ነጭ የለበሱ ወጣቶች መርከብ ላይ ተሰልፈዋል። መሐል ላይ ግን ፎቶው በመቀስ ተቆርጦ አንድ ሰው የሚያህል ቀዳዳ አለበት። «ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አልናቸው።

«እዚያ የቆሙት ልዑል እስክንድር ደስታ ነበሩ» አሉን። «ኅዳር 67 ሬዲዮኑ የነዚያን 60 ሰዎች ነገር ሲናገር፣ እናቴ ለኔ ፈርታ በመቀስ አወጣቻቸው። ኋላ ደግሞ በ83 ‹የደርግ ወታደር› እንዳልባል እኔው ራሴ ሙሉውን ፎቶ ፍራሽ ውስጥ ከተትኩት። አንዴ በንጉሡ፣ አንዴ በደርጉ ምክንያት ተደበቀ። ፎቶው ያው ፎቶ ነው፤ የሚፈራበት ነገር ነው የሚለዋወጠው።»

ያን ቀን ስለ ምፅዋ ጠየቅናቸው። ዝም አሉ። ቡናው እስኪፈላ ድረስ ዝም አሉ። እኛም አልገፋንም። ከተማዋ ከተያዘች በኋላ በአውሮፕላን መደብደቧንና ሰላማዊ ሰው ማለቁን ከመጻሕፍት አንብበናል፤ ጋሼ ግን ከጻፉት ሰዎች ይልቅ ቅርብ ነበሩ። በሌላ ቀን እሳቸው ራሳቸው ጠሩንና «ጻፉ» አሉን። ጻፍን። ያሉትን ሁሉ እዚህ አናወጣውም። አንድ ነገር ግን መባል አለበት፤ የባሕር ዕቃ የሚያምር ናስ ብቻ አይደለም። መልሕቅ ያለበትን ቁልፍ ስንወለውል፣ በወዲያኛው ዳርቻ ያ ቁልፍ ሌላ ነገር የሚያስታውሰው ሰው እንዳለ ማወቅ አለብን። ይህን የማይጽፍ ሰብሳቢ ከዕቃው ግማሹን ጥሎ ነው የሚሄደው።

ከመሐላችን አንዱ የጋሼን ቆብ ሊገዛቸው ጠየቃቸው። ጥሩ ዋጋም ጠራ። ሽማግሌው ሳቁ፤ «ቆቡ የኔ ነው ልጄ። ወሬውን ግን ውሰደው፤ እሱ ሁለት ቦታ ቢቀመጥ አይጎድልም» አሉት።

በዚህ ቃል ላይ እኛ እርስ በርሳችን ብዙ ተከራክረናል። አንዱ «እሳቸው ሲያልፉ ቆቡ ምናለሽ ተራ መሄዱ ነው፤ ዛሬ ካልያዝነው ጠፋ» ይላል። ሌላው «ከባለቤቱ ቤት የወጣ ቆብ ያኔውኑ ጨርቅ ሆነ» ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። እስካሁን የተስማማንበት ይህን ያህል ነው፤ ባለቤቱ ካለ ዕቃውን ከእጁ አንጠይቅም፣ ታሪኩን እንጠይቃለን። ዕቃ የምንገዛው ከሚዛን አፍ ብቻ ነው። በሰፈሩ ለሚዞሩ ሁለት ቁራሌዎችም ነገራቸውን አስረድተናል፤ መልሕቅ፣ መርከብ ወይም የላቲን ፊደል ያለበት ነገር ሲያገኙ ለእኛ ያሳያሉ፣ እኛም ከኪሎው ዋጋ በላይ እንጨምራለን። ጭማሪው ግን ለናሱ አይደለም፤ «ከየትኛው ቤት አገኘኸው?» ለሚለው መልስ ነው። አንደኛው ቁራሌው መጀመሪያ «እብድ ናችሁ እንዴ?» ብሎን ነበር። ዛሬ ከእኛ ይበልጥ አጥብቆ የሚጠይቀው እሱ ነው።

በዚሁ በ1954 ዓ.ም.፣ «ኢትዮጵያ» ምፅዋ በገባችበት ዓመት፣ ኔልሰን ማንዴላ እዚህ ኮልፌ በፈጥኖ ደራሽ ሰፈር የጦር ትምህርት ይማሩ ነበር። ይህንን የማያውቅ የኮልፌ ልጅ የለም። ለምን? ተጠይቆ፣ ተነግሮ፣ ተጽፎ ነው። ክፍሉ ዱሮም ክፍል ነበር፤ ክብር ያገኘው በታሪኩ ነው። የጋሼ ፎቶስ ከዚያ ክፍል በምን ያንሳል?

ባሕር ኃይል እንደገና እንደሚቋቋም በ2010 ዓ.ም. ከተነገረ ወዲህ ስለ ባሕር የሚያወራ ሰው በዝቷል። በየካፌው፣ በየዶርማችን ክርክር ነው። ስለሚመጣው ባሕር የሚከራከር አይጠፋም፤ ይከራከር። የነበረውን ባሕር በዓይናቸው ያዩት ግን በየሰፈሩ እያለፉ ናቸው፤ እነሱን ለመጠየቅ ሥልጣንም በጀትም አያሻም።

ስለዚህ፣ ጓደኞቻችን፣ ለክረምት ወደየቤታችሁ ስትገቡ አንድ ነገር አድርጉልን። ከአልጋ ሥር ያለውን ሳጥን ከመክፈታችሁ በፊት ባለቤቱን ፈቃድ ጠይቁ። ከዚያ አራት ነገር ጻፉ፤ የማን ነበር? የት አገለገለ? እስከ መቼ? እዚህስ በማን እጅ ደረሰ? ዕቃውን እዚያው ተዉት፤ ወረቀቱን አምጡልን። በደብተራችን የሹካው መስመር ላይ ባዶ ቦታ ትተናል። ከመርከቢቱ ነው ወይስ ከቃኘው፣ ምናልባት የአንዳችሁ አያት ያውቁ ይሆናል።